ሰዓቱ ተሞልቷል?

የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጥታ ጣቷን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ስክሪኑ ደረቀ። ነካካችው። ምንም የለም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የመቆጣጠሪያ ስክሪን ያሉት ነጥቦች አንድ በአንድ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲለወጡ አየች።

“ምን ነካሽ?” አለ ከኋላዋ ቆሞ ይመለከት የነበረው አለቃዋ።

ምን እንደነካች ወዲያው ገብቷታል። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገናኙት ሳጥኖች፣ ስዊቾቹ፣ ያሉት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው ምድር ቤት ነው። እሷ ፎቅ ላይ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ በመስመሩ ውስጥ አልፋ ነበር የምታዛቸው። አሁን ራሷ የምታልፍበትን መስመር በገዛ እጇ ዘጋችው። ዛፍ ላይ ወጥተው የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደመቁረጥ ያለ ስህተት ነው። ጀማሪ ሲሠራው የሙያው ሰዎች ይስቁበታል። እሷ ግን ጀማሪ አይደለችም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ “ሽቦ” ይሏታል፤ ቅጥነቷንም ሥራዋንም ባንድ ቃል ለመጨረስ። ባሏም እዚያው ክፍል ነው የሚሠራው። የእሱ ቅጽል ስም “አባ ቀስ” ነው፤ ሳይጋቡ በፊት ያወጣችለት ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥማቸው እሱ ትእዛዙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ሳይሰለች ይጠይቃታል፤ “ሰዓቱ ተሞልቷል?” ስዊቹ ሰዓት ከተሞላለት፣ ነገር ቢበላሽ እንኳ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ዛሬ ጠያቂ አልነበረም። ቁርስ ላይ ተጣልተዋል። እሱ ሥራው ለሚመጣው ሳምንት ይተላለፍ፣ አንዴ እንለማመደው ብሎ ነበር።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አላት እንደ ልማዱ።

“ያንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ይገማል! ላንተ ቢተው እኮ እስከ ዛሬም አንጋባም ነበር!” ብላው፣ እሱንና ልጃቸውን ቤት ትታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በንዴት መጣች፣ በንዴት ተቀመጠች፣ በንዴት ጻፈች። እና ሰዓቱን ሞልታ እንደሆነ አሁን ብታስብ ብታስብ ሊመጣላት አልቻለም።

በሩ ተበርግዶ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ገባች። እያለከለከች ነው።

“ምን ሆናችሁ ነው? ከሞተር የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አንስተነዋል። ምስሉ ለሐኪሙ አይደርሰውም! ሐኪሙ ማዶ ሕንፃ ሌላ በሽተኛ ላይ ነው፣ ትቶ መምጣት አይችልም።”

“ምናልባት… ትንሽ ብንጠብቅ በራሱ ይመለሳል” አለች ሽቦ።

“ምናልባት? ሰውየው ራሱን ስቷል እኮ፣ እህቴ!”

አለቃው ክራቫቱን ላላ አደረገ። “እኔ ብዬ ነበር” አለ።

ብሎም ነበር። የድሮዎቹ ስዊቾች የአንድ ድርጅት ነበሩ፤ ውስጣቸው የታሸገ፣ አንዲት መስመር ለመጨመር እንኳ የድርጅቱን ደጅ የሚያስጠኑ። ሽቦ ግን ሶፍትዌራቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመው የሚችል ስዊቾች አስገዛች። መረጃ የሚቀመጥበት፣ ምድር ቤት ያለው የሆስፒታሉ የራሱ ክላውድና ውጭ የተከራዩት ክላውድ በእነዚህ እንደ አንድ ቤት ይሆናሉ ብላ አመራሩ ፊት ቃሏን ሰጠች፤ የዛሬው ሥራም ሁለቱን ማገናኘት ነበር። አለቃው እሺ ያለው እየጎመዘዘው ነው።

“ሰኞ ወደ ድሮው ድርጅት እመለሳለሁ። በቃ! አሁን ግን አንድ ነገር አድርጊ!”

ሰዓቱ ተሞልቶ ከሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ካልተሞላ ግን ሰውየው የሚጠብቀው የማይመጣ ነገር ነው። ኬብሏን ከመሳቢያ መንጭቃ ላፕቶፗን አቅፋ ደረጃውን ቁልቁል በረረች።

መኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ የራሳቸውን መኪና አየች። አባ ቀስ መሪው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ልጃቸው ኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። አኩርፎም ቢሆን መጥቶ እየጠበቃት ነበር። ስትሮጥ ሲያያት በሩን ገርበብ አደረገ። አልቆመችም። ጊዜ ስለሌለኝ ነው ብላ ራሷን አሳመነች፤ እውነቱ ግን ኩራት ነበር።

ምድር ቤቱ በማቀዝቀዣው ጩኸት ይንጫጫል። ስትቸኩል ኬብሉ ቀዳዳውን ሳተባት፤ ደግማ ሞክራ ስዊቹ ላይ በቀጥታ ሰካችው። የጻፈችው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። ከላይ እስከ ታች ፈለገች።

ሰዓቱ አልተሞላም።

ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ኖሮ! የዘጋችውን መስመር የሚከፍተውን ትእዛዝ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ለራሷ እያነበበች፣ አንድ በአንድ ጻፈች። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ።

አለቃው ተከትሏት ወርዷል፤ ስልኩ ጮኸ። አዳመጠና ዘጋው። “ምስሉ ተከፍቷል። ሐኪሙ አይቶ ወደ ቀዶ ጥገና አስገቡት ብሏል።”

ሽቦ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። አለቃው እስክትጨርስ ጠበቃትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ስሚኝ። እቃው ነው ያበላሸው። እንደዚያ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ወደ ድሮው እንመለሳለን፣ አንቺንም ማንም አይነካሽም።”

እንደዚያ ብሎ መጻፍ ከባድ አልነበረም። ማን ያጣራል? በታሸገው ሳጥን ቢሆን ደግሞ ላጣራ የሚልም ምንም አያገኝም ነበር። ስክሪኑ ላይ የተዘረገፈውን የገዛ እጇን ሥራ አየችው።

“እቃው ያልኩትን ነው የሠራው” አለች ዓይኗን እየጠረገች። “ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይኸው፣ የፈለገ ያንብበው።”

“በገዛ እጅሽ አንገትሽ ላይ ገመድ ልታስገቢ ነው?”

“የሚሉኝን ይበሉኝ። ድንገተኛ ክፍሉ ይነገረው፤ ምስል የሚጠብቅ በሽተኛ በሌለበት ሰዓት፣ እነሱ እሺ ሲሉ፣ ደግሜ እሠራዋለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም።”

ወጣች። አባ ቀስ መስታወቱን ዝቅ አደረገላት። በመንገዷ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች በለኝ። ይገባኛል።”

“ከአፌ ምን ወጣ?”

“ሰዓቱን አልሞላሁትም።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ሰው ተጎዳ?”

“ለጥቂት ተረፈ። እባክህ ና፣ አንብብልኝ።”

“ልጅቷስ?”

ሁለቱም ተከትሏት ወደ ወጣው አለቃ ዞሩ።

ድንገተኛ ክፍሉ እሺ እስኪል ቆዩ። ሲጀምሩ አለቃው እንቅልፋሟን ልጅ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ መቆምም መቀመጥም አቅቶት፣ ምድር ቤቱ በር ላይ ይወዛወዝ ነበር። ነርሷ ድንገተኛ ክፍል ሆና በስልክ ትከታተላቸዋለች። አባ ቀስ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሰዓቱ ተሞልቷል?”

“ተሞልቷል” ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችለት።

“አንተ እየው” አለችው።