በጥለት የታሰረ ቱቦ

አቶ እንደሻው መኪናቸው ውሃ ትጠጣለች እንጂ አታፈስም ይሉ ነበር። ማታ ራዲያተሯን ሞልተው ያሳድሯታል፤ ጠዋት ሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነው። እስከ ዓለማያ ነድተው ሲመለሱ ግን ግማሹ ውሃ የለም። በየት እንደሄደ ምንም ምልክት አይተውም።

አሮጌ ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በደህና ዘመኗ ለሽቅድምድም የተሠራች። አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ አገሩ ሲገባ ነበር የሸጠላቸው። ልጃቸው ጽጌ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ትገባለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «በእማዬ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ ልምጣ» ብላ ጽፋለች።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ከኤረር በር ውጪ፣ የሐረር ግንብ ሥር ወደሚሠራው ወደ ዐብዱልመሊክ ወሰዷት። ዐብዱልመሊክ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚበይድ ሰው ነበር፤ መኪና ሐረር ከገባ ወዲህ የመኪናም ሐኪም ሆኗል። ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ወደ ራዲያተሩ ሰደደና የሚያዳልጥ ነገር ይዞ ወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው አቶ እንደሻው?»

«ተልባ ነው። ቀዳዳ ይደፍናል ብለውኝ።»

«ሱብሐነላህ! ጾም ይዛለች እንዴ?»

«አትሳቅ። ደፍኖልኝ ቢሆንስ?»

«መድፈኑንማ ደፍኗል። የታመመውን ትቶ ጤነኛውን!»

ተልባውን በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበው። ከዚያ ወደ ሞተሩ አጎንብሶ ብዙ ሳይቆይ ቀና አለ፤ አንዱ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴ ጨርቅ በቢላዋው ጫፍ አሳያቸው።

«ፍለጋም አያሻን። ይኸው፣ በዚህ ነው። ጨርቅ ውሃ ያቆማል እንዴ? ቆርጬ ልጣለው።»

«እሱን አትንካ» አሉ አቶ እንደሻው።

ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ዐብዱልመሊክ ግን ቢላዋውን አስቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከቁልቢ ሲመለሱ፣ ደንገጎ ላይ፣ ውሃ ከፓምፑ የሚያወጣው የጎማ ቱቦ ተተረተረ። እሳቸውና አንድ መንገደኛ ሹፌር ቆመው ሲከራከሩ፣ ሚስታቸው ሙሉነሽ የነጠላዋን አረንጓዴ ጥለት ቀደደች። በተተረተረው ላይ የጎማ ቁራጭ አድርጋ፣ ቱቦውንና የፓምፑን አንገት አንድ ላይ ጠመጠመችው። «ክርክሩ ካለቀ እንሂድ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልፈታውም። ነጠላዋን ለሰው ሰጥተዋል፤ ቀሚሶቿንም። ይህን ግን ማንም እንዲሰጡት አልጠየቃቸውም።

ግንቡን ተደግፋ አገልግል የምትሰፋው የዐብዱልመሊክ እናት ዐይሻ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። ሙሉነሽ ከሰዓት በኋላ እየመጣች አጠገቧ ስትሰፋ ኖራለች።

«እናንተ ወንዶች ደግሞ ባላያችሁት ነገር ትምላላችሁ» አለች። «ውሃው የጋለ ብረት ላይ እየወደቀ ቢደርቅስ? እኔ ስንደዶ ስነክር ውሃው ይደርቃል፤ ቀይ ቀለሙ ግን የነካውን አይለቅም። አቦ፣ ቀለም ስጧትና የሄደበትን እሷው ትንገራችሁ።»

«የመኪና መድኃኒት ከስንደዶ!» አለ ልጇ።

«ተልባ ካበሏት እኔ ቀለም ባጠጣት ምን አለበት?»

በጥብጣ ያመጣችውን ቀይ ውሃ ሞሉና አቶ እንደሻው ብቻቸውን ወደ ኤረር ሸለቆ ቁልቁል ነዱ። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። ከሶፊ መንደሮች ጫት ጭነው የሚመጡ አህዮች ጆሯቸውን እያወዛወዙ መንገድ ለቀቁላቸው። አቧራው ከኋላቸው ተነሥቶ ሳይወድቅ ይቆያል፤ ኮረብታዎቹ በዝግታ የሚዞሩ፣ መኪናዋ ደግሞ የቆመች ይመስላል። ባዶውን መቀመጫ አላዩትም። ካላዩት የሚቀመጥበት ሰው ያለ ያህል ነው። አንድ ጊዜ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ቀስ በል የተባሉ መሰላቸውና ቀስ አሉ።

ሲመለሱ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረባቸው። እዚያው መሪያቸው ላይ አሸለቡ። በእንቅልፋቸው ውስጥ የዐይሻ ወስፌ ስንደዶውን ሲበሳ ይሰማቸዋል፤ አንድ ወስፌ ሳይሆን ሁለት ናቸው፣ እየተቀባበሉ የሚሰፉ። ሲነቁ ዐይሻ ብቻዋን ነበረች።

«ይምጡ፣ ይዩ» አለ ዐብዱልመሊክ።

ጥለቱ አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ጠብታ ቀይ አልነካውም። ቀዩ የወጣው ዝቅ ብሎ ከፓምፑ ነው፤ ዘንጉ ከሚያልፍበት ቀዳዳ እንደ ክር ቀጥኖ ወርዶ፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ደርሶ ደርቋል። ቧንቧው ላይ ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል።

አቶ እንደሻው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እሷ ያሰረችውማ ደህና ነው» አሉ።

«ወላሂ፣ ከመኪናው ሁሉ ደህናው እሱ ነው።» ዐብዱልመሊክ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ከተጠረገም በኋላ ይጠርገው ነበር። «ግን አቶ እንደሻው፣ በዘንጉ ዙሪያ ተጠቅጥቆ ውሃ የሚያግደው የፓምፑ ገመድ አልቋል። እሱን ለመለወጥ ፓምፑ መውጣት አለበት። ፓምፑ ደግሞ ቱቦው ሳይፈታ አይወጣም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ቢኖር እደብቅዎታለሁ?»

«አዲስ ቱቦስ?»

«በዚህ ልክ ሐረር ውስጥ የለም። ድሬዳዋም መኖሩን እንጃ። ፈትተን፣ መልሰን ማሰር ነው።»

ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። ልጅቷን ሌላ መኪና ለምነው ሊያመጧት ይችላሉ፤ ይህችን እንዳለች ቤት ሊያቆሟት ይችላሉ። ከቆመች ጥለቱ አይፈታም። ጽጌ የጻፈችው ግን ስለ እናቷ መቀመጫ ነው።

«እኔ ልፍታው» አሉ።

ጫፉን ፈለጉ። ቋጠሮ የለውም። ጣታቸው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ዐይሻ ተነሥታ መጣች፤ አጎንብሳም አተኩራ አየችው።

«አገልግል እንደሚጨረሰው ነው የጨረሰችው» አለች። «ጫፉ በስፌቱ ሥር ገብቷል። ይኼን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ እንዴት ታበላሸው እንደነበር ብታይ፣ እንደሻው!» ወስፌዋን ዘረጋችላቸው። «በዚህ ሥሩን አንሣው። አትጎትት።»

ዙር በዙር ፈቱት። ሰባት ዙር ነበር። ውስጠኛው ዙር አቧራ ስላላየው ቀለሙ እንደ አዲስ ነው።

ዐብዱልመሊክ አዲስ ገመድ በሞራ ነክሮ ጠቅጥቆ ፓምፑን ሲመልስ ዓርብ ከሰዓት ሆነ። ዐይሻ እኔ ልሰርልህ አለች፤ አቶ እንደሻው አይሆንም አሉ። መጀመሪያ ያሰሩት ውሃ ሲሞላ ተንጠባጠበ።

«አላህ ይይልህ፣ ድርቆሽ ነው የምታስረው? እያንዳንዱን ዙር ባለፈው ግማሽ ላይ አሳርፈው!» አለች ዐይሻ።

ደግመው አሰሩት። አስቀያሚ ነበር። አንዱ ዙር ጠቦ ሌላው ሰፍቶ፣ ጫፉም በወስፌ እየተገፋ በጭንቅ ገባ። የሙሉነሽን አይመስልም። ዐብዱልመሊክ ቀዩን ውሃ መልሶ ሞላና ሞተሩን አስነሣ። ከፓምፑ ዘንግ ሥር ምንም አልወረደም። አቶ እንደሻው መዳፋቸውን ጥለቱ ላይ አድርገው ያዙ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ለብ አለ፤ ከዚያ ሊይዙት እስከማይችሉ ድረስ ጋለ። ያኔ ለቀቁት፤ መዳፋቸውንም ወደ ብርሃኑ ገልብጠው አዩ።

ቀይ የለበትም።

«ነገ በማለዳ ነው የምነሣው» አሉ።