ወንድሟ ያስመረጣት ፍሬምወርክ

እታለም ብሎ የሚጠራት ወንድሟ ብቻ ነበር። እሱ እሷ ዘንድ ከተቀጠረ በኋላ ግን አጠራሩ በመላው ቢሮ ተዛመተና አለቃው ሳይቀር እታለም ይላት ጀመር። እሱንም ማሙሽ ያሉት ከእሷ አፍ ሰምተው ነው። ጺሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ ማሙሽ ሲባል መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ለመዱት።

ሥራቸው የላቦራቶሪ ውጤት ማመላለስ ነበር። ላቦራቶሪው የመረመረውን ይልካል፤ የእነሱ ሲስተም ተቀብሎ በሽተኛው ወደሚታከምበት ክሊኒክ ያደርሳል። ከጀርባው ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ይልካል። እነዚህ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ጋሼ ከዓመታት በፊት በዘረጉት የዌብ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በሚያገናኝ መዋቅር፣ ነበር። ጋሼ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው። እታለምን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ሲሆኑ፣ ኋላ እሷ ኃላፊ ስትሆን ቅር ሳይላቸው ከሥሯ ሆነው ሠሩ።

ክሊኒኮቹ ሲበዙ አሮጌው ፍሬምወርክ ያቃስት ጀመር። ረፋድ ላይ ውጤቱ እየተንጠባጠበ ይደርሳል፤ ነርሶች እየደወሉ ይጮኻሉ። አለቃው እታለምን ጠርቶ፣ "ወይ ይሄን አድሱት፣ ወይ ሌላ ምረጡ። ውሳኔው ያንቺ ነው" አላት።

ማሙሽ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን፣ የትኛውም ማሽን ላይ ይሁን፣ እጎኑ እንዳለ ሁሉ በስሙ ጠርቶ ሥራ የሚያዝበት አዲስ ፍሬምወርክ። መልእክቱ እንደ ድሮው በጽሑፍ ተዘርዝሮ ሳይሆን በቁጥር ታሽጎ ስለሚሄድ ይፈጥናል። በስብሰባው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዶ አሳያቸው። አዲሱ ሽው ብሎ ሲጨርስ የጋሼ ገና መንገድ ላይ ነበር። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ፍጥነቱስ ግሩም ነው" አሉ። "ግን እዚህ ቤት ይሄን ነገር አንጀቱ ድረስ የሚያውቀው ማሙሽ ብቻ ነው። እሱ ነገ ቢሄድ ማን ያነበዋል?"

እታለም ደሟ ፈላ። ወንድሟን ያስቀጠረችው እሷ ናት፤ ያውም እናታቸው "ወንድምሽ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እያየሽ ዝም ትያለሽ?" እያለች ስትወተውታት ከርማ። በዘመድ አስገባች የሚለው ሐሜት ጆሮዋ ደርሷል። የጋሼ ጥያቄም ያው ሐሜት በጨዋ ቋንቋ የተነገረ መሰላት።

"ወንድሜ የትም አይሄድም፣ ጋሼ" አለች ቆጣ ብላ። "አዲሱን እንይዛለን። አለቀ።"

እውነቱን ለመናገር እሷም ነገሩን ከላይ ከላዩ ነበር የምታውቀው። መመሪያውን ማንበብ ጀምራ ነበር፤ እናቷን ሆስፒታል ለማመላለስ ስትል ተወችው፤ ከዚያ "ማሙሽ ያውቀው የለ" እያለች ሳትመለስበት ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት ለጋሼ ከበዷቸው። ሊማሩት ሞከሩ፤ እጃቸው ግን አልፈታ አለ። አንድ ቀን የጠፋ መልእክት ሲፈልጉ ሲደናበሩ ማሙሽ ከኋላቸው ቆሞ፣ "ጋሼ ይተዉት፣ ይሄ የእርስዎ ዘመን ነገር አይደለም" አላቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጋሼ ቀና ብለው እታለምን አዩዋት። እሷ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ያልሰማች መሰለች። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታቸውን አስቀድመው ጠይቀው ወጡ። ሲሰናበቱ ሌላውን ሁሉ አቅፈው ሳሙ፤ እሷን ጨበጧት።

ማሙሽም አልሰነበተም። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እናታቸው ጋደም ብላ ሳለ፣ እቤት መጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። የሶፋውን ክር እየመዘዘ፣ "እታለም፣ ሌላ ሥራ አገኘሁ" አላት።

"የት?"

ትልቅ ድርጅት ነው። ስሙን ሲነግራት ደስታውን መደበቅ አቃተው። "ሲፈትኑኝ የጠየቁኝ በሙሉ ይሄንኑ እኛ ጋ ያስገባሁትን ነው። ጥርሴን የነቀልኩበት ነው አልኳቸው።"

"ለዚህ ነው ያስመረጥከኝ?"

"ኧረ እታለም! ለዚህ ብቻ አይደለም።"

"ብቻ" የምትለዋ ቃል አላመለጠቻትም። እሱ ግን የተናገረውን ልብ ያለው አይመስልም ነበር። ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንኳን ደስ ያለህ" አለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ሲስተሙ ለጊዜው ደህና ሮጠ። ውጤት አይዘገይም፤ ነርሶችም መጮኽ አቆሙ። ከዚያ አንድ ጠዋት አንዷ ደወለች። እንደ ድሮው አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ እታለምን ያስፈራትም ይሄው ነው።

"አንዲት ልብስ ሰፊ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጋ ነበር" አለች ነርሷ። "በእናንተ በኩል 'በሽታው የለም' የሚል መጣልን። የሳል ሽሮፕ ሰጥተን ሸኘናት። ዛሬ ደም እየተፋች ተሸክመው አመጧት። ላቦራቶሪው ጋ ስደውል 'ያኔ የላክነው ናሙናዋ መድረሱን ብቻ ነው፤ ገና አልተመረመረም ነበር፤ ኋላ በሽታው አለ ብለን ልከናል' አሉኝ። ኋላ የመጣውን ማን ያያል? ውጤቷ ደርሷል ተብሎ ተዘግቷል። የመጀመሪያውን 'የለም' ያለው ማነው?"

እታለም የማሙሽን ፕሮግራም ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው። ውብ አድርጎ ጽፎታል፤ የሚናገረው ግን ለእሷ አልገባት አለ። እየመረራት ደወለችለት።

ነገሩን እንደሰማ "ውይ!" አለ። "ዜሮው ነው። ላኪው ሳይሞላ የተወውን ቦታ ተቀባዩ ዜሮ ብሎ ያነበዋል። እኛ ደግሞ ዜሮን 'የለም' አድርገነዋል። ዜሮን 'ገና አልታወቀም' ማድረግ ነበረብን። መመሪያው ላይ ያለ ነገር ነው እኮ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ላቦራቶሪው ሁሌ ይሞላዋል ብዬ... ሴትየዋ እንዴት ናት?"

"ደም እየተፋች ነው ስልህ።"

በስልኩ ውስጥ የሌላ ቢሮ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። "እታለም" አለ በመጨረሻ፣ "እባክሽ እማዬ እንዳትሰማ።"

ስልኩን ዘጋችው።

ማስተካከሉ ምንም ጊዜ አልፈጀም፤ ጥቂት መስመር ነው። ሳይመረመሩ "የለም" የተባሉ ሌሎችም ተገኙና ክሊኒኮቹ እየፈለጉ መልሰው ጠሯቸው። ደግነቱ ከነሱ መሀል የባሰበት አልነበረም። አለቃው "ማነው ይሄን ያመጣው?" ብሎ ሲጠይቅ እታለም "የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለች። የወንድሟን ስም አላነሳችም። አለቃውም ያውቃል፤ አላነሳም። "ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል?" ብቻ አላት።

አሮጌውን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ቤታቸው ስትሄድ በረንዳ ላይ የተነቀለ የወንበር እግር በማጣበቂያ ሲያጣብቁ አገኘቻቸው። ቁጭ አድርገው የሆነውን ሁሉ ሰሟት። ነግሬሽ ነበር እስኪሏት ጠበቀች።

"ይሄንንስ እኔም አላየሁትም ነበር" አሉ ጋሼ። "ነቢይ አታድርጊኝ። ግማሹ ተቃውሞዬ ለራሴ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ እንደገና መማሩ ታክቶኝ።"

"ይመለሱልን፣ ጋሼ።"

የወንበሩን እግር በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ያዙ። "አልመለስም ልጄ። ቂም ይዤ አይደለም እንዳልል ይዣለሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ያን ቀን ማሙሽ ሲናገረኝ እኔ ያየሁት አንቺን ነው።"

እታለም ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ ቀደማት። ጋሼ አላባበሏትም፣ አልተቆጧትምም። ስትረጋጋ እስከ ውጪው በር ሸኟትና "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብለው ተመለሱ።

ወደ አሮጌው መመለሱ ቀረ። እታለም ከክፍሉ ሰዎች ጋር ሆና የአዲሱን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተዛወረች። እታለም ስለ ሴትየዋ እየደወለች ስትጨቀጭቃት ነርሷ አንድ ቀን፣ "እህቴ፣ ከዚህ ከወጡ ወሬያቸው እኛም ጋ አይደርስም፤ አትድከሚ" አለቻት።

ማሙሽ እሑድ እሑድ መምጣቱን አልተወም። ከእናቱ ጋር ይሳሳቃል፣ መድኃኒቷን ይቆጣጠራል። የሥራ ነገር በመሀላቸው አይነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ "ፍሬምወርኩን ጣላችሁት?" አላት።

"አልጣልነውም። እያጠናሁት ነው።"

"ምን አደከመሽ፣ እኔ ላሳይሽ። ቀላል እኮ ነው።"

"ተወው" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። ጉንጯን ስሞ ደረጃውን ወረደ፤ እሷም ጨርሶ እስኪወርድ ሳትጠብቅ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።