በእግሩ ላይ የቀረው ስርጉድ

ኢስሜልዳ ልጇን ኤልመርን አቅፋ ከሕፃናት ሚዛን ሰልፍ ስትቆም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ አላፈረችም። በቆሎው በድርቅ ካረረ ወዲህ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ በጨው ብቻ ሲበላ የከረመው ልጅ ሰሞኑን ጉንጩ ሞልቷል፤ እግሮቹም ወፍረዋል።

«ውይ፣ ይሄ ጎረምሳ!» አሉ ጎረቤቷ ዶኛ ቼፓ። «እናቱ አጥንት፣ እሱ የአሳማ ግልገል! ደብቀሽ የምታበይው ነገር አለ።»

«ምን ኖሮኝ ልደብቅ? ይልቅ ይንኩት፤ አድንቀው ሳይነኩት ከሄዱ ዓይን ይይዘዋል።»

«ታዲያስ! በኋላ ዓይናቸው በላው ልትይኝ?»

እንደ ልማዱ እግሩን ጨበጥ አደረጉት። ሲለቁት የአውራ ጣታቸው ስርጉድ፣ ሊጥ ላይ እንዳረፈ ጣት፣ በቆዳው ላይ ቀረ። ኤልመር አላለቀሰም። ይበልጥ ያስፈራትም ዝምታው ነበር።

«ምን አደረጉት?»

«እኔ? ድንግልን፣ ዳሰስኩት እንጂ!» ዶኛ ቼፓ እጃቸውን ከሽርጣቸው ሥር ደበቁ።

ነርሷ ኖኤሚ ልጁን ከሚዛኑ አንጠለጠለችው። ክብደቱ ጨምሯል። ኢስሜልዳ እፎይ አለች፤ የነርሷ ፊት ግን አልተፈታም። ተንበርክካ ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣቶቿ ተጭና ቆየች። ስትለቅ በሁለቱም ላይ ስርጉድ ቀረ።

«የሳቸው እጅ አይደለም፣ እህቴ። የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው። ምግብ ያጣ ሰውነት እንዲህም ያብጣል። ዛሬውኑ ሆስፒታል መውረድ አለበት።»

ባለፈው ዓመት የኢስሜልዳ እህት ልጅ ወደዚያው ወርዳ በሣጥን ተመልሳለች። ኢስሜልዳ ልጇን ነጥቃ አፈገፈገች።

«አልሰጥም! እዚያ የገባ አይወጣም።»

«ያቺ ዘግይታ ነው የወረደችው። ይሄኛውን እዚህ ካስቀረሽው ግን ነገን ላረጋግጥልሽ አልችልም።»

ኢስሜልዳ የልጇን ፊት ተመለከተች። «ከኔ ይለዩታል?»

«አጠገቡ ትተኛለሽ።»

ዶኛ ቼፓ ቀድመው ነርሷ በመጣችበት ፒክአፕ መኪና ላይ እየወጡ ነበር። «ያደነቅኩት እኔ ነኝ፤ እስኪመለስ እጄ ከሱ ላይ አይነሣም። ነይ ውጪ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!»

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ኢስሜልዳ የልጇን እግር ከብርድ ልብሱ ገልጣ አየች። ስርጉዱ ገና አልሞላም። ጣቷን ዘረጋች፤ ሌላ ስርጉድ እንዳታበጅ ፈርታ ግን መለሰችው፤ በእጇ ጀርባ ብቻ ዳበሰችው።