እዚህ ማንም አይበርም

አለቃችንን «ቆራጡ» የምንለው ቆርጦ ስለማያውቅ ነው። አንድ ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ በአሳታሚ ድርጅታችን ውስጥ ካባ ለባሽ ጀግና የሌለበት የሥዕል ልብወለድ ክፍል ከፈተ። በራችን ላይ «እዚህ ማንም አይበርም» ብሎ ለጠፈ። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ስካነርና እኔ ነበርን። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ ሥዕሎቹን በተራቸው እደረድራለሁ። ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል? ቆዩ!

የመጀመሪያው መጽሐፋችን የታናሽ እህቴ ነበር። ስለ አባታችን ነው። ጣሪያ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። ሰፈሩ በሙሉ «ጠጥቶ ነው» አለ። ጠብታ የማይቀምስ ሰው! እናቴ የተሰበረውን መሰላል በዓይኗ አይታለች፤ ግን ማን ሰማት? እህቴ እልህ ይዟት አራት ዓመት ሙሉ ሣለችው። የመጨረሻው ገጽ አንድም ቃል የለውም፤ አራት ሥዕል ብቻ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት ተሥሎ። አባባ መሰላሉ ላይ ቆሟል፤ እርከኑ ይሰበራል፤ አየር ላይ ነው፤ መሬት ላይ ነው።

«ሌላውን እንደፈለግክ፤ ይቺን ገጽ ግን አደራ» አለችኝ።

ስካነራችን ወረቀት የሚስበው ከታች ነው። ድርጅቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ክምሩን ገልብጠህ ታስገባለህ። የዚያን ቀን ቆራጡ የሽፋኑን ቀለም ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስቀይር መጥቶ ሲነዘንዘኝ፣ የዚያችን ገጽ አራት ወረቀቶች ሳልገለብጥ አስገባኋቸው። የሥዕሎቹ ተራ ቁጥር የተጻፈው ከወረቀቱ ጀርባ ነበር። አራሚያችንም ፊደል የሌለበት ገጽ ሥራው አይደለም፤ ዝም ብሎ አለፈው።

መጽሐፉ ወጣ። አባቴ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ወደ አየር ይነሳል፤ የተሰበረው እርከን ይገጥማል፤ መሰላሉ አናት ላይ ኮራ ብሎ ይቆማል። አንባቢ አበደ! በሦስት ሳምንት ተሸጦ አለቀ። አንድ ሐያሲ «ሞትን የናቀ ጣሪያ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። ሽልማትም መጣ። ቆራጡ መድረክ ላይ ወጥቶ ሐሳቡ የራሱ እንደነበር አስረዳ።

እህቴ ገጹን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስካነሩ ነው» አልኳት።

«ስካነሩ ወንድሜ አይደለም» አለችኝ።

ቆራጡ ሁለተኛ መጽሐፍ ፈለገ። «ትንሽ ይብረር» አላት፤ «ብዙ አይደለም፣ እስከ ሁለተኛ ፎቅ።» እሷ ውሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ያለ ፈቃዷ የሥዕል ተራ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ታርሞ ወጣ። አባቴ እንደገና ወደቀ፤ ክፍሉም አብሮት። አንባቢው «ጀግናችንን ገደላችሁት» ብሎ ጮኸ። መጻሕፍት መደብሮች ካርቶኑን ሳይፈቱ መለሱልን። ቆራጡ ክፍሉን ዘጋው። እኔ በድንጋጤም በጥፋተኝነትም ታምሜ ነበር፤ እህቴ ግን ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። በጣም አናደደችኝ፣ በጣምም ቀናሁባት።

ዕቃችንን ስንሸክፍ አንድ ሽማግሌ ገቡ። አወቅናቸው፤ የአባባ የሥራ ባልደረባ ናቸው። «ጠጥቶ ነው» ብለው መጀመሪያ ያወሩት እሳቸው ነበሩ።

«የታረመው አለ?» አሉ።

እህቴ ከካርቶኑ አንዱን አውጥታ ሰጠቻቸው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ፤ እርከኑ ከሚሰበርበት ከሁለተኛው ሥዕል ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«የመጀመሪያውን የልጅ ልጄ ስታሳየኝ እፎይ ብዬ ነበር» አሉ። «ማንም አላወቀም ብዬ። እርከኑ እንደተሰነጠቀ አውቅ ነበር፣ ልጆቼ። መሰላሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። መሰላሉ ለዛሬ ያገለግላል አልኩት። ኋላ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁና ጠጥቷል አልኩ።»

እህቴ የምትጮህ መስሎኝ እጇን ያዝኩ። አልጮኸችም። እጇን አስለቀቀችኝ።

«እማዬ ቤት ናት» አለቻቸው። «ያሉትን ለእሷ ይንገሯት። አሁኑኑ።»

ሽማግሌው እሺ አሉ፤ ግን ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ብብታቸው ገብተን፣ እንዳይወድቁ አጥብቀን ይዘን አወረድናቸው።