የእማማ ገዲሴ ብረት

እማማ ገዲሴ ንፍሮውን በመዳፋቸው ያገላብጡታል እንጂ አይቀምሱትም። የታች መንጋጋቸው ባዶ ነው። ትናንት ባሏን ሮበሌን የቀበረችው ገላኔ ከድንኳኑ ጥግ አየቻቸው። የሴትዮዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያርፍበት፣ መንጋጋ አጥንት ላይ በብሎን የሚታሰረው ብረት ገና በገላኔ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው።

"እማማ፣ ሐኪሙ ምን አሉ?"

"ካልደረሰ ለሌላ ላብራቶሪ እሰጣለሁ ይላል። ተይው ልጄ፣ አሁን የሱ ጊዜ ነው? እግዜር ያጥናሽ።"

መካኒሳ አቦ፣ ከባልና ሚስቱ ቤት ጀርባ ባለችው የጥርስ ላብራቶሪ፣ ብረቱን የምትሠራው ገላኔ፣ የሚፈትሸው ሮበሌ ነበር። በታካሚው መንጋጋ ልክ በተቀረጸው ጄሶ ላይ አስቀምጦ ከዳር አንዷን ብሎን ብቻ ያጠብቃል፤ ሌላው ዳር ብድግ ካለ "ተነሳ!" ብሎ ይመልስላታል። ብሎኖቹ ሁሉ ከጠበቁማ የማይገጥም ብረት የለም፤ ተገድዶ ይገጥምና ጫናው አጥንት ላይ ይወድቃል። እንደተጋቡ ሰሞን፣ ስትለፋበት የከረመችውን ብረት ዓይኗ እያየ በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። አኮረፈች። "አንቺን አይደለም እኮ የቆረጥኩት!" አላት እየሳቀ። ቁራጮቹን በቦታቸው አስይዞ ሲበይዳቸው ብረቱ ልጥፍ አለ። ያን ምሽት እራት ያቀረበው እሱ ነበር። ዛሬ ያቺ ኩርፊያ እንኳ ናፈቀቻት።

የእማማ ገዲሴን ብረትም "ተነሳ" ብሎ መልሶላት ነበር፤ ሳታስተካክለው የሱ ሞት ቀደማት።

ብድግ አለች። ጎረቤቷ ንግስት ቀሚሷን ያዘቻት።

"ወዴት ነሽ? ለቅሶ ላይ ሥራ? ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል።"

ሹክሹክታው እስከ ላብራቶሪው በር ተከተላት። "አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!" አለች አንዷ።

ገላኔ ብረቱን ቆረጠች፤ አስይዛ በየደችው። አንዷን ብሎን አጠበቀች። አልተነሳም። ደስ አላትና፣

"ሮቤ፣ ና እየው!" ብላ ተጣራች።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው። እሱ ያላየው ብረት ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ማን ሊያይላት ነው? ብቻዋን መቅረቷ ያኔ ገባትና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ጠረጴዛውን ዞራ በሱ ወንበር ተቀመጠች፤ መብራቱን ስባ ከዚያ በኩል ተመለከተች። ከብረቱ ሥር ፀጉር የምታህል ብርሃን ታልፋለች።

"ተነሳ፣ ገላኔ!" አለች፣ ልክ እሱ እንደሚላት። መጋዟንም አነሳች።