የቅዳሜ አቼቶ

የሰፈራችን ውሃ በፈላ ቁጥር የሻይ ማፍያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ አቼቶ እያፈላ ያስለቅቀው ነበር። ሽታው ስለሚያናድደኝ ከመኝታ ቤት እጮህበታለሁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን አቼቶ በአቼቶ አደረግከው እኮ!»

«ይኸው ጨረስኩ፣ የኔ ቁጡ» ይለኛል።

ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። ድንጋዩ እየተቀረፈ ሻዬ ውስጥ ቢገባም፣ አጥልዬ እጠጣለሁ እንጂ ማፍያውን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም።

ዛሬ ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። መኝታ ቤት አንሶላ ሳጣጥፍ ያ ሽታ ከኩሽና መጣ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን አቼቶ በአቼቶ አደረግከው እኮ!»

አንሶላውን እንደያዝኩ መልሱን ጠበቅኩ።

ልጄ ማፍያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ይኸው ጨረስኩ» አለችኝ። የቀረውን መናገር ግን አቃታት።