የጫኝ ትከሻ

"ይውጡ! ጋሼ ሣህሌ፣ ከሥሩ ይውጡ!"

ቱሳ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ የሄሊኮፕተሩ ነፋስ ግን ድምፁን ይዞት ገደል ገባ። ለስልክ ማማ የሚሆነው ብረት በገመድ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ዘመም አለ። ሣህሌ ዕድሜ ልኩን በበቆጂና በአሰላ መሀል በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው ነውና፣ እንደለመደው ትከሻውን ከሥሩ ሰጠ። በቅሎ ላይ የዘመመ ጭነት በትከሻ ሲደግፉት ይረጋል። የተንጠለጠለ ብረት ምን ያውቃል? ተወዛውዞ መጣና ከቋጥኙ ጋር አጣበቀው።

አብራሪው ከጭነቱ ሥር የሆነውን አላየም። ጭነቱን ለቆ ቀጣዩን ሊያመጣ ወደ አሰላ ወረደ።

ሰዎቹ ብረቱን ገፍተው ሣህሌን አወጡትና ጋቢ ላይ አስተኙት። ጭኑን ያሰሩበት መቀነት ደም ጠግቧል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። የጭላሎ ተራራ ጉምም መውረድ ጀምሯል።

ፎርማኑ ገብረ መድህን ከበላዩ ቆሞ፣ "ማን ግባ አለህ?" አለው።

"ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። ብረቱ ምንም አልሆነ?"

ይህ ቱሳን ከደሙ ይበልጥ አንገበገበው። ትናንት "ወንድ እንዲህ ነው፣ ከጭነት አይሸሽም" ብሎ ሣህሌን በሰው ፊት ያሞገሰው ማን ሆነና! "ጭነቱ ላይ ገመድ ይታሰርና ከሩቅ እንሳበው" ሲባልስ "ፈሪ ሁላ!" ያለው ማን ነው? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

"አቶ ገብረ መድህን፣ ጋሼ ሣህሌ በሄሊኮፕተሩ ይውረዱ" አለ ቱሳ። " በሸክም ከሆነ አሰላ አይደርሱም።"

"መጀመሪያ ሲሚንቶው ይውረድ። ከዚያ ተመልሶ ይወስደዋል።"

"ጉሙን አያዩም? ዛሬ ዳግመኛ አይመለስም። ሜዳዋም ይህችው ናት፤ ሲሚንቶው ካረፈባት ሄሊኮፕተሩ የት ያርፋል?"

"ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ ሹማምንት ይመጣሉ! ምልክት ስጥና ገብተህ ደግፍ። ከዛሬ ጀምሮ የሣህሌ ቦታ ያንተ ነው።"

ሣህሌ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። "እሺ በላቸው ልጄ። እንጀራህ ነው።"

ሄሊኮፕተሩ የሲሚንቶውን መረብ አንጠልጥሎ ከገደሉ በላይ ብቅ አለ። አብራሪው የሚያየው የምልክት ሰጪውን የቱሳን እጅ ብቻ ነው። ገብረ መድህን ከኋላ "አውርደው! አውርደው!" ይላል።

ቱሳ ግራ ክንዱን ዘረጋና በቀኝ መዳፉ እንደ ቢላ ቆረጠው፦ "ጭነቱን ጣል" ማለት ነው። አብራሪው አመነታ። ቱሳ ደገመለት።

ሲሚንቶው ገደል ገባ። ባዶውን የቀረው ሄሊኮፕተር ሜዳዋ ላይ ሲያርፍ ገብረ መድህን የቱሳን ኮሌታ ጨመደደ።

"ማን ፈቀደልህ? ማን ፈቀደልህ?"

ቱሳ የሰውየውን እጅ ከኮሌታው አላቀቀና ጎንበስ ብሎ የጋቢውን ራስጌ ያዘ።

"በግርጌ በኩል አንሱ" አለ ለሰዎቹ።